ከአልጋው ሥር የጫንኩት

ባሌ የጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ አይቶ ማለፍ አይችልም። ሀይዌይ ላይ «የጭነት መኪናዎች በሙሉ ይግቡ» የሚለውን ሰሌዳ ካየ እግሩ ራሱ የነዳጁን ፔዳል ይለቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን የዚያን ቀን ፈርጄበታለሁ። «ይኼ እኮ አርቪ ነው! አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ማን ይመዝናል? እለፈው!» ብዬ ጮኼበታለሁ። ለምን እንደጮኽኩ ግን አልነገርኩትም። ምክንያቱ ከኋላችን፣ ከአልጋው ሥር ነበር።

ከመጀመሪያው ልናገር።

ባለፈው ዓመት ልቡን ታመመና ደም ሥሩ ውስጥ ቱቦ ገባለት። ተሻለው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። የትራክ ነጂ በየጊዜው እየተመረመረ የሚይዘው የጤና ካርድ አለ፤ ያለዚያ ካርድ ትልቅ መኪና አይነዳም። የሱ ጊዜው ሲያልፍ ሐኪሙ አልፈርምም አለ። «የራስህን መኪና መንዳት ትችላለህ፤ ትራክ ግን ይቅርብህ። ከባድ ዕቃም እንዳታነሳ» አለው። ባሌ «ኦኬ» ብሎ ተነሳ፤ የሐኪሙን እጅ ጨብጦ ወጣ። ፓርኪንግ ስንደርስ የመኪናችንን ቁልፍ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። ሐኪሙ የትንሿን መኪና መንዳት እኮ አልከለከለውም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጂዋ እኔ ሆንኩ።

የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ሲያረጅ አይቻለሁ። ሰው እግሩ ከመድከሙ በፊት «እንዳላችሁ» ማለት ይጀምራል። ምን ይብሉ? እንዳላችሁ። መስኮቱ ይከፈት? እንዳላችሁ። ያን ጊዜ እኛ ሠራተኞቹ እርስ በርስ እንተያያለን። እና ዳላስ አጠገብ፣ ሜስኪት ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ያ ቁጣው ጎረቤት ድረስ የሚሰማ ባሌ፣ «ምሳ ምን ልሥራ?» ስለው «እንዳልሽ» ሲለኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። ገና ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው! ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይውላል። ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፤ እሱ ግን ከቤታችን ጀርባ የሚያልፈውን የሀይዌይ ድምፅ ነው የሚያዳምጠው። አንድ ቀን «ይኼ ባዶውን ነው የሚሄደው» አለኝ። ምኑ? ስለው ትራኩ አለኝ። በድምፁ ለይቶት ነው። አንጀቴን በላኝ።

አትላንታ ያለችው እህቱ ልጇን ልትድር መሆኑን የነገረችን በዚህ መሃል ነው። አጎት ሆኖ እንዴት ይቅር? አውሮፕላን ስለው ፊቱን አጠቆረብኝ። አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን ናት ዘዴውን ያመጣችው። የድሮ የሥራ ባልደረባው አርቪ አለው፤ ጓሮው አቁሞት የሚውል፣ ቤት የሚያህል መኪና። «ዳድ፣ አስክ አድርገው። አንተ ድራይቭ ታደርጋለህ፣ እኛ እንተኛለን» አለችው። ሰውየው ደግ ነው፤ ሳያንገራግር ቁልፉን አዋሰን።

ባሌ ቁልፉን መዳፉ ላይ አድርጎ እያገላበጠ አየው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«እሺ፣ እነዳለሁ። አትላንታ ስንደርስ ግን ቁልፉን አስረክብሻለሁ። ስንመለስ ልጅቷ ትንዳ። ከዚያ ወዲያ መሪ አልነካም፤ ይበቃኛል።»

ምን እላለሁ? በሆዴ፣ መንገዱ ራሱ ሐሳቡን ያስቀይረዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ካላስቀየረው ግን ባሌን ይዤ የምመለሰው ለሶፋው እንደሆነ ገብቶኛል። ከሰርጉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ። «የራሳችንን ልብስ ብቻ ነው የምንይዘው። የሰው ዕቃ አልጭንም። ሲታሰር ያላየሁትን ጭነት ተሸክሜ አላውቅም።»

«ምን ቆርጦኝ!» አልኩት።

ጥፋቴ እሑድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለአንዲት ሴት መናገሬ ነው። አትላንታ ልንሄድ ነው፣ ያውም በአርቪ፣ ብዬ። ይኼው ነው የተናገርኩት። እስከ ረቡዕ ድረስ ስልኬ አላረፈም። ከዳላስ አትላንታ ዘመድ የሌለው ሐበሻ እንደሌለ ያን ሳምንት አወቅሁ። አንዷ በርበሬና ሽሮ፣ አንዱ ለሰንበት ትምህርት ቤት የሚሆን መጽሐፍ ሦስት ካርቶን፣ ሌላዋ የጤፍ ዱቄት በከረጢት ከረጢት። የብረት ሙቀጫ የላከም አለ፤ ከነዘነዘናው! አንዲት ትልቅ እናት ደግሞ በልጃቸው መኪና መጥተው፣ የልብስ ስፌት መኪና ጭንቅላቱን፣ ያን ብረቱን፣ በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ለልጅ ልጄ ነው፤ እንዳይከብድሽ ብቻ» አሉኝ።

«ኧረ ምን ችግር አለው እማማ፣ ያምጡት፤ እርስዎ ብቻ ጸልዩልን» አልኳቸው። ብረቱን ስቀበላቸው ወገቤ ተንቋቋ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። እኛ ዘንድ መንገደኛ ባዶውን አይሄድም። የእኔን ዕቃ ስንት ሰው በሻንጣው ይዞልኝ መጥቷል! አልችልም ብል በሚቀጥለው እሑድ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፤ ማንም ምንም አይልም፣ ግን ይቀዘቅዛል።

በዚያ ላይ ውሃ አለ። እኔ ያደግሁት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው። የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ዕቃ ባዶ ሆኖ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሜሪካ ስንት ዓመት ኖሬ ይኼ አልለቀቀኝም። አርቪው ከኋላ የራሱ የውሃ ታንከር አለው፤ እስከ አፉ ሞላሁት። አላረካኝም፤ ስድስት ጀሪካን ጨመርኩ። በየመንገዱ ውሃ አለ፣ ማሚ፣ ብላኛለች ልጄ። ማን ይሰማታል!

የጉዞው ቀን ማለዳ ባሌ ሻወር ውስጥ ሳለ ልጄና እኔ ሁሉንም ተሸክመን ከኋላ ካለው አልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከመጸዳጃው በር ጀርባ ከተትነው። ከላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረግሁበት። «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አልኳት። «ማሚ፣ ይኼ ባድ አይዲያ ነው» አለችኝ፤ ግን ተሸከመች።

ባሌ ወጥቶ መኪናውን ዞረው። ጎማዎቹን ማታ ለክቷቸው ነበር፤ አሁን በመዳፉ ብቻ መታ መታ አደረጋቸው። ከኋለኛው ጎማ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቀና አለ። ወጣ፣ ተቀመጠ፣ መስታወቶቹን አንድ በአንድ አስተካከለ። እኔ አጠገቡ ሆኜ ጀርባው ሲቃና አየሁት። ስድስት ወር ሙሉ ሶፋ ውስጥ ጎብጦ የነበረ ጀርባ! ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሜስኪትን ለቀን ወደ ምሥራቅ ያዝን። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደስ ይል ነበር። ትራክ ሲያልፈን መብራት ብልጭ አድርጎ ያሳልፈዋል፤ እነሱም ከፊት ሆነው ብልጭ ብልጭ አድርገው ያመሰግኑታል። «እነዚህ ያውቁሃል እንዴ?» ስለው «መንገድ የሰጠን ሁሉም ያመሰግናል» አለኝ፤ ፈገግም አለ። ፈገግታውን ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ።

«ኋላው ይጎትተኛል» አለ።

«ነፋስ ይሆናላ» አልኩ።

ትንሽ ሄደን «ኋላ ምን አለ?» አለ።

«ልብስ ነዋ!» ዐይኔን በጨው አጥቤ። ልጄ ከኋላ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ስልኳ ውስጥ ገባች።

ሦስተኛ ጊዜ ግን ጥያቄ አልነበረም። «ይኼ መኪና ከብዷል» አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ያን ጊዜ ነው ሰሌዳው የመጣው። የሚዛን ጣቢያ፣ እንዲህ ባለ ርቀት ላይ፣ ክፍት ነው፤ የጭነት መኪናዎች በሙሉ ይግቡ። የባሌ እግር ነዳጁን ለቀቀ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«እገባለሁ።»

ደንግጬ ወደ ልጄ ዞርኩ፤ ጠቀስኳት። ቶሎ ገባት፤ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «ዳድ፣ ቼክ አደረግኩት። በየስቴቱ ይለያያል ይላል። ግን እዚህ ቴክሳስ፣ ማለቴ፣ የግል አርቪ ከሆነ፣ ለቢዝነስ ካልሆነ፣ ስቶፕ ማድረግ አይጠበቅብህም። ለኮሜርሻል ትራክ ነው።»

«ሰማህ? ኮሜርሻል ነው ያለችው!» አልኩ። «አንተ አሁን ኮሜርሻል ነህ?»

አፌን በቆረጠው። ነገሩ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ባሌ አላየኝም፤ መንገዱን ነው የሚያየው።

እውነቱን ልናገር፤ የፈራሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ውሸቴ ሚዛን ላይ ሊወጣ ነው። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ፣ ፖሊሱ የጤና ካርድህን አምጣ ቢለውስ? በዚያ ሁሉ ትራክ ነጂ ፊት፣ ካርድ የለኝም ብሎ አንገቱን ሲደፋ ላይ ነው? ከዚያ በኋላ አትላንታ እስክንደርስም አይጠብቅም፣ ቁልፉን እዚያው ነው የሚሰጠኝ። «እለፈው በናትህ!» ብዬ የጮኽኩት ይኼኔ ነው።

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፍሬቻ አሳየና ገባ።

የትራክ ወረፋ ነው። ከፊታችን አራት አምስት ተሳቢ፣ ከኋላችን ሌላ ተሳቢ፣ መሃላቸው እኛ፣ መስኮታችን ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ። አፈርኩ። ከኋላችን ያለው ነጂ በመስታወቱ ሲስቅ ይታየኛል። ባሌ ግን ቀስ እያለ፣ ርቀቱን እየጠበቀ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ የፊቱን ጎማ፣ ከዚያ የኋላውን። እንዴት ቀጥ አድርጎ እንዳቆመው! ሥራውን ሲሠራ አይቼው አላውቅም ነበር ለካ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲወጣና ሲገባ ነው የማውቀው።

አንድ ወጣት ፖሊስ ከቢሮው ወጥቶ በመስኮቱ በኩል መጣ።

«ሰር፣ ይኼ አርቪ እኮ ነው። እዚህ መግባት አይጠበቅብዎትም» አለ።

የባሌን ክንድ በክርኔ ወጋሁት። አላልኩህም!

«አውቃለሁ» አለ ባሌ። «ሃያ ሁለት ዓመት ትራክ ነድቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ገቡ?»

«ኋላው ከብዶኛል። ሚስቴ ደግሞ ምንም የለም ትላለች።»

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ጉልበቴን አየሁ። ከኋላ ልጄ ስትስቅ ሰማኋት፤ ያቺ ከሃዲ! ባሌ የኋላውን አክስል፣ የኋላ ጎማዎቹ የተሸከሙትን፣ ክብደት እንዲያነብለት በትሕትና ለመነው። ፖሊሱ ሄዶ አይቶ ተመለሰና ነገረው። ባሌ በበሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን፣ ፋብሪካው ይኼ ጎማ ይኼን ያህል ይችላል ብሎ የጻፈበትን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ቁጥሩ ከልኩ አልፎ ነበር፤ ወደኔ ዞረ።

«አንቺ» አለኝ በአማርኛ፣ ረጋ ብሎ። «ከኋላ ምን ጫንሽ?»

ምን አማራጭ አለኝ? ዘረዘርኩለት። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ዱቄቱን፣ መጽሐፉን። ሙቀጫው ላይ ስደርስ ዐይኑን ጨፈነ። የስፌት መኪናው ላይ ስደርስ «በስመአብ!» አለ። ታንከሩንና ጀሪካኑን ስጠራ ግን ተቆጣ፤ የድሮ ቁጣው! «አንቺ ሴት፣ አገሩ ሁሉ ቧንቧ ነው፤ በረሃ ልናቋርጥ ነው እንዴ? ደግሞ ዋሸሽኝ! ሦስቴ ነገርኩሽ፣ ሦስቴ!» ጮኸብኝ፤ ትራክ ነጂዎቹ ሁሉ ሰሙ። እኔም ኩምሽሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ግን ላልዋሽ፣ ከኀፍረቴ ሥር ደስታ ነበር። ቢያንስ «እንዳልሽ» አላለኝም።

ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን ብቻ አይቶ መለሰለት። የጤና ካርድ የሚባል ነገር አላነሳም። ዳር ላይ አቁመው ጭነቱን ማስተካከል ይችላሉ አለን። ባሌ ወርዶ ከኋለኛው ጎማ አጠገብ ወሰደኝ። «እይ» አለኝ። ጎማው ከታች ተጨፍልቆ ሆዱ ወደ ውጭ ተገፍቷል። ማለዳ አይቶታል፤ የዚህ መኪና ጠባዩ ይሆናል ብሎ አለፈው። መሪው ላይ ሲቀመጥ ግን እጁ አላመነም። «በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ፍጥነት፣ እስከ ማታ አይቆይም። ይፈነዳል።»

«ካወቅህ፣ መግባት ግዴታ እንዳልሆነ ካወቅህ፣ ታዲያ ምን አስገባህ? ልጅቷ ስትነግርህስ አውቃለሁ አትልም?» አልኩት። እልኸኛ ነኝ፤ ተይዤም እከራከራለሁ።

ጎማው ላይ እጁን እንዳደረገ ነው።

«ስንት ዓመት የካምፓኒ ዕቃ አስመዝኛለሁ» አለ። «ያ ቢገለበጥ ኢንሹራንስ ይተካዋል። እናንተን ማን ይተካልኛል?»

ዕንባዬ መጣ፤ ልጄ እንዳታየኝ ጀሪካን ላነሳ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። እሱ ከባድ ዕቃ አያነሳም፤ ቆሞ በጣቱ ያዝዛል፣ እኛ እንሸከማለን። የታንከሩን መክፈቻ ፈታው፤ ስድስቱን ጀሪካን ደረቁ ሣር ላይ ደፋን። ውሃ መድፋት አይሆንልኝም፤ እሱም ያውቃል፣ «ድፊው፣ ድፊው» ይለኛል እየሳቀ። መጽሐፉ ከፊት፣ ከጠረጴዛው ሥር። ዱቄቱ በግራና በቀኝ እኩል። «አይደለም፣ ወደዚህ። እሱን ደግሞ እሰሪው፤ ፍሬን ስይዝ እንዳይሄድብኝ።» ልጄ «ዳድ፣ ቦሲ ሆንክ!» አለችው። እውነትም አለቃ ሆነ። የስፌት መኪናውን ብረት የት ላድርግ ስለው፣ «ከፊት፣ ከእግርሽ መሃል። እያየሽው ትሄጃለሽ» አለኝ። ቅጣቴ ነው መሰል።

ፖሊሱ እንደገና ሚዛኑ ላይ እንድንወጣ ፈቀደልን። የኋላውን ቁጥር በመስኮቱ ሲነግረው ባሌ ወረቀቱን አየ፣ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «ጉድ» አለ ፖሊሱ በእንግሊዝኛ። ከዚያ መኪናውን በእጁ መታ አድርጎ «ሴፍ ትሪፕ፣ ድራይቨር» አለው። ሰር አላለውም፤ ድራይቨር አለው። ባሌ ኮፍያውን ነካ አደረገና ወጣን።

መንገዱን ሙሉ ብረቱ ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል፤ ለማማረር ምን አፍ አለኝ! ከቴክሳስ ወጥተን፣ ማደያ ቆመን ስንበላ፣ «የዚያ ጎማ ነገር…» ብዬ ጀመርኩ። «ተይው፣ አልፏል» አለኝ። ቀጥሎም «ሁለተኛ ግን እኔ ሳላይ እንዳትጭኚ» አለ። ሁለተኛ የሚለውን ቃል ያዝኩት፤ እንዳላባርረው ወደ ምግቤ አጎነበስኩ።

አትላንታ የደረስነው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። እህቱ ከነጎረቤቶቿ ደጅ ላይ ጠበቀችን፤ እልልታው ቀለጠ። የዕቃ ባለቤቶች ገና ከመድረሳችን ስልክ ይደውላሉ። አንዲት ቀጭን ልጅ መጥታ የስፌት መኪናውን ብረት ከነጠላው ፈታ ስታየው አቅፋው አለቀሰች፤ የአያቷ እጅ የነካው ነው አለችኝ። ባሌ ይኼን ቆሞ አየ። ወደኔ ዞር ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አልተቆጣም።

ግርግሩ ጋብ ሲል ወደ አርቪው ተመለስን፤ በሩን ሊቆልፍ። አብሬው ቆምኩ። ቃሉን አልረሳሁትም፤ እሱም እንደማይረሳ አውቃለሁ፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ልመናም አላውቅበትም፤ እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ መዳፌን ዘረጋሁ።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቁልፉን። አትላንታ ስንደርስ ብለህ የለ?»

መዳፌን አየ። ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ለአንቺ?» አለኝ። «ልብስ ነው ብለሽ ሙቀጫ ለጫንሽው ሴት?»

ቁልፉን ኪሱ ከተተና ጎማዎቹን መታ መታ እያደረገ መኪናውን ዞረው።